ጽሑፉ ሲቀድም፣ ድምፁ ሲዘገይ

ከሰመራ አጠገብ ሎግያ ላይ፣ በጅቡቲ መንገድ ዳር፣ ማታ ማታ የምቀመጥበት ሻይ ቤት አለ። ቀን ሙቀቱ ሰው ስለማያስቀምጥ ቤቱ የሚሞላው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ወደ ጋላፊ የሚሄዱ የተሳቢ ሹፌሮች መኪናቸውን ዳር አስይዘው ይገባሉ። ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል፤ ጎኑ ላይ ፍላሽ ተሰክቶበታል። ባለፈው ሰሞን የሚታየው የህንድ ፊልም ነበር፤ አማርኛ ሰብታይትል ያለው። ፊልሙ ከተጀመረ ገና አራተኛው ደቂቃ ላይ አንዲት እናት ደጅ ቆማ የልጇን ጓደኛ ትጠብቃለች። ጓደኛው ከመንገዱ ማዶ እየመጣ ሳለ ከሥር «ልጅሽ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ወጣ። ቤቱ በሙሉ መርዶውን ሰማ፤ እናትየዋ ግን ገና ለሰላምታ እጇን እየዘረጋች ነው።

አጠገቤ የነበሩ ጠና ያሉ ሹፌር ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ ነገር አይስተካከልም?»

«ይስተካከላል ጋሼ። ግን መጀመሪያ መሀሉንና መጨረሻውን ማየት አለብኝ።»

«መጨረሻውን ምን ያደርግልሃል? የተበላሸው እዚህ ጋ ነው!»

ጥያቄያቸው ልክ ነበር፤ መልሱም ያለው እሱ ላይ ነው። ሰብታይትል አልገጥም ሲል ብዙ ሰው ፊልሙ ተበላሽቷል ብሎ ያጠፋዋል። ሌላው ደግሞ ቁልፍ እየጫነ አንዱ ቦታ ላይ ያስገጥመዋል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ሲዛነፍበት ተስፋ ይቆርጣል። ሁለቱም የዘለሉት አንድ ጥያቄ ነው፦ ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ወይስ እየሰፋ ይሄዳል?

ለጋሼ ያስረዳኋቸው በራሳቸው ሥራ ነው። ሁለት ተሳቢዎች ከሎግያ ወደ ጋላፊ ይሄዳሉ እንበል። አንደኛው አሥር ደቂቃ ዘግይቶ ተነሣ፤ ፍጥነታቸው ግን እኩል ነው። መንገዱን ሁሉ አሥር ደቂቃ እንደተራራቁ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በሌላ ቀን ሁለቱም እኩል ተነሡ፤ ነገር ግን አንዱ ጭነቱ ከብዶት በዝግታ ይነዳል። መነሻው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ፤ በሄዱ ቁጥር ግን ይራራቃሉ። በሦስተኛው ቀን እኩል ተነሥተው እኩል ሲነዱ ቆዩና የአንዱ ጎማ መንገድ ላይ ፈነዳ። እስከዚያ ድረስ ልዩነት አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጎማ የተቀየረበትን ያህል ልዩነት እስከ መጨረሻው ይዘው ይሄዳሉ። የሰብታይትል ችግር ሁሉ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ ነው። መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

አንድ ፊልም ስንከፍት አብረው የሚሄዱ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ምስሉ፣ ድምፁና ጽሑፉ። ምስሉና ድምፁ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፋይል ውስጥ ታሽገው ይመጣሉ። ሰብታይትሉ ግን ብዙ ጊዜ ለብቻው የተቀመጠ ትንሽ ፋይል ነው፤ መጨረሻው ላይ ኤስአርቲ የሚል ቅጥያ አለው። በኖትፓድ ብትከፍቱት ምንም የተደበቀ ነገር የለበትም። እንዲህ ነው የሚታየው፦

31
00:04:02,300 --> 00:04:04,900
ልጅሽ አይመለስም።

ላይኛው የመስመሩ ተራ ቁጥር ነው። ቀጥሎ ያለው ጽሑፉ መቼ ብቅ ብሎ መቼ እንደሚጠፋ ይናገራል፤ ከፊልሙ መነሻ ተቆጥሮ በ4ኛው ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ከ300 ሚሊ ሰከንድ ላይ ይውጣ፣ በ4 ደቂቃ ከ4 ሰከንድ ከ900 ላይ ይጥፋ ማለት ነው። አንድ ሰከንድ 1000 ሚሊ ሰከንድ ነው። ማጫወቻው ጓደኛው አፉን ይክፈት አይክፈት አያውቅም። ሰዓቱን ብቻ ይከተላል። ስለዚህ ጽሑፉ የተዘጋጀለት ቅጂና እኛ እጅ ያለው ቅጂ ሰዓታቸው ካልገጠመ፣ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ሳለ ጽሑፉ አጉል ቦታ ላይ ይወድቃል።

ቀላሉ ችግር የመጀመሪያው ነው፤ እኩል ልዩነት። ብዙ ጊዜ የሚመጣው አንዱ ቅጂ መግቢያው ላይ የአከፋፋዮች ዓርማ ሲኖረው ሌላው ስለሌለው ነው። ኮምፒዩተር ላይ በቪኤልሲ ለምታዩ ሰዎች ጽሑፉ ከቀደመ የኤች ቁልፍ ያዘገየዋል፤ ጽሑፉ ከዘገየ ደግሞ የጂ ቁልፍ ያፈጥነዋል። አንድ ጊዜ በተጫነ ቁጥር የሚቀየረው 50 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ሃያ ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ይህ እጅ ያደክማል። ያን ጊዜ ቱልስ ከሚለው ዝርዝር ውስጥ ትራክ ሲንክሮናይዜሽን የሚለውን ከፍቶ ሰከንዱን በቁጥር መጻፍ ይሻላል። ማክ ኮምፒዩተር ላይ ቁልፎቹ ይለያያሉ። ሌላም ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፤ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ ቁልፎቹ ላይሠሩ ስለሚችሉ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ መልሱት።

ቪኤልሲ ውስጥ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ዘዴ አለ። ሰከንድ መቁጠር አይጠይቅም። አንድ ንግግር በጆሯችሁ ስትሰሙ ሺፍትና ኤች ትጫናላችሁ። ያው ንግግር በጽሑፍ ስታዩት ሺፍትና ጄ። ከዚያ ሺፍትና ኬ። ማጫወቻው በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ራሱ አስልቶ ጽሑፉን ያዛውረዋል። ቋንቋውን ባታውቁት እንኳ ስም ሲጠራ ወይም አንድ ሰው ሲጮህ መያዝ ትችላላችሁ።

በስልክ ለሚያዩ ኤምኤክስ ፕሌየር ሰብታይትል በሚለው ዝርዝር ሥር ሲንክሮናይዜሽን አለው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ስፒድ የሚልም አለ። እሱ ለሁለተኛው ችግር ነው፤ ያለ ነገሩ ባትነኩት ይሻላል።

ሁለተኛው ችግር፣ እየሰፋ የሚሄደው፣ ምንጩ ሩቅ ነው። ሲኒማ ከድሮ ጀምሮ በሰከንድ 24 ምስል ያሳያል። ቴሌቪዥን ሲመጣ ግን የየአገሩን የመብራት ኃይል ሞገድ ተከተለ። በአውሮፓ እንደ እኛ አገር መብራቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ስለሚመላለስ ቴሌቪዥኑ ግማሹን ወስዶ በሰከንድ 25 ምስል አደረገ። አሜሪካ 60 ስለሆነ 30 አደረገች፤ ኋላ ቀለም ሲጨመር ቁጥሩ በጥቂቱ ወርዶ 29.97 ሆነ። ከዚሁ ጋር እንዲስማማ የሲኒማው 24ም 23.976 እየተባለ መሠራጨት ጀመረ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ እኛ የቆየነው ከ25ቱ ወገን ነው።

እና ለ25ቱ አገር የተዘጋጀ ፊልም ብዙ ጊዜ ትንሽ ፈጠን ተደርጎ ነው የሚቀዳው፤ ዓይን አያስተውለውም። ሰብታይትሉ ግን ያስተውለዋል። ለ25 የተሠራ ጽሑፍ በ23.976 በሚሄድ ፊልም ላይ ስትጭኑት በየደቂቃው ወደ ሁለት ሰከንድ ተኩል ይቀድማል። በአራተኛው ደቂቃ ልዩነቱ ወደ 10 ሰከንድ ነው። ፊልሙ አንድ ሰዓት ሲሞላው 2 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ፣ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ደግሞ 5 ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው። የእናትየዋ መርዶ የቀደመውም በዚህ ምክንያት ነበር። ያን ማታ ጽሑፉን 10 ሰከንድ አዘግይቼ ብተወው ኖሮ እሷ ያለችበት ቦታ ይስተካከል ነበር፤ አንድ ሰዓት ላይ ስንደርስ ግን ከሁለት ደቂቃ በላይ በቀደመ ንግግር እንደናገር ነበር። ለዚህ ነው መሀሉንና መጨረሻውን ሳላይ ቁልፍ የማልጫነው።

ለዚህ ችግር የማዛወሪያ ቁልፍ አይበቃም፤ ፋይሉን ራሱን ማስተካከል ይሻላል። ሰብታይትል ኤዲት የሚባል በነፃ የሚገኝ የዊንዶውስ ፕሮግራም አለ። ሲንክሮናይዜሽን በሚለው ዝርዝር ውስጥ ቼንጅ ፍሬም ሬት የሚል ታገኛላችሁ፤ ፍሬም ሬት ማለት ያ በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት ነው። ከ25 ወደ 23.976 ስትሉት እያንዳንዱን መስመር በልኩ ይዘረጋዋል። የፍሬሙን ቁጥር ካላወቃችሁ ደግሞ ፖይንት ሲንክ የሚለውን ተጠቀሙ። ከመግቢያው አካባቢ አንድ መስመር፣ ከመጨረሻው አካባቢ ሌላ መስመር ትመርጡና የሁለቱን ትክክለኛ ሰዓት ትሰጡታላችሁ፤ በመካከል ያሉትን ሁሉ እሱ ያሰላቸዋል። ሁለቱን መስመሮች አራርቆ መምረጥ ግድ ነው። ጎን ለጎን ከሆኑ ግማሽ ሰከንድ ያህል ስህተት መጨረሻው ላይ ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ጎማው የፈነዳበት፣ ማለትም ሦስተኛው ዓይነት፣ ፊልሙ መሀል ላይ ትዕይንት ሲቆረጥበት ወይም ሲጨመርበት የሚመጣ ነው። እስከ 40ኛው ደቂቃ ልክ ይሆንና ከዚያ ድንገት ይዛነፋል። ልዩነቱ የጀመረበትን መስመር ፈልጎ፣ ከእሱ በታች ያሉትን ብቻ ማዛወር ነው። ሰብታይትል ኤዲት የተመረጠውን መስመርና ተከታዮቹን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ማዘዝ ይቻላል። ሦስት አራት ቦታ የተቆረጠ ከሆነ ግን ድካሙ አይገባውም። ከቴሌግራም ወይም ፊልሙን ከሰጣችሁ ሰው ለዚያው ቅጂ የተሠራ ሌላ ሰብታይትል ፈልጉ። በፋይሉ ስም ላይ ብሉሬይ ወይም ዌብ የሚሉ ቃላት የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ የፊልሙና የሰብታይትሉ ከተመሳሰለ አብዛኛውን ጊዜ ይገጥማሉ።

የድምፅ ነገር ከጽሑፍ ይለያል፤ ምክንያቱም ጽሑፍ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ሰው ይታገሣል፣ ድምፅ ግን አያስታግሥም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ምክር ላይ ያስቀመጠው ልኬት አለ። ድምፅ ከምስሉ 45 ሚሊ ሰከንድ ከቀደመ ተመልካች ማስተዋል ይጀምራል፤ ከዘገየ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ድረስ አያስተውልም። ለዘገየው ይህን ያህል ቻይ የሆንነው በተፈጥሮ ስለለመድነው ነው። መብረቅ መጀመሪያ ይታያል፣ ነጎድጓዱ በኋላ ይሰማል። በ40 ዲግሪ የሰመራ ሙቀት ድምፅ በሰከንድ 355 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሻይ ቤቱ በር ላይ ቁጭ ብላችሁ ሃምሳ ሜትር ርቆ ጎማ በብረት የሚመታ ረዳት ብታዩ፣ ብረቱ ጎማውን ካገኘ ከ140 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው ድምፁ የሚደርሳችሁ። ማንም ይህን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። ድምፁ ከብረቱ ቀድሞ ቢመጣ ግን ሁላችንም እንደነግጥ ነበር።

ድምፅ ሲዛነፍ መጀመሪያ የምጠረጥረው ፊልሙን ሳይሆን ስፒከሩን ነው። ብሉቱዝ ድምፁን አጭቆ ልኮ እንደገና ሲፈታው ጊዜ ይወስዳል፤ ተራ በሚባሉት ላይ ከ100 እስከ 250 ሚሊ ሰከንድ ድረስ ይሄዳል። ስለዚህ ስፒከሩን በሽቦ አገናኝታችሁ ሞክሩ። ችግሩ ከጠፋ ፊልሙ ንጹሕ ነበር ማለት ነው። የተገላቢጦሹም አለ። ዘመናዊ ቴሌቪዥን ምስሉን ለማሳመር ሲያሰናዳ ይዘገያል፤ ድምፁ በሽቦ ወደ ውጭ ስፒከር ከወጣ ምስሉን ይቀድመዋል። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጌም ሞድ የሚል ካለ እሱን ማብራት ይህን ያሳጥረዋል። ፊልሙ ራሱ የተዛነፈ ከሆነ ደግሞ ቪኤልሲ ላይ ድምፁ ሲዘገይ ጄ፣ ሲቀድም ኬ።

ልኩን ስታገኙ ከንፈር አትከተሉ። በር ሲዘጋ፣ ብርጭቆ ሲወድቅ፣ ሰው ሲያጨበጭብ ያለበትን ቦታ ፈልጉ። በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት በጀመረው ቃና ቴሌቪዥን እንደለመድናቸው በአማርኛ ድምፅ የተተኩ ድራማዎች ላይ ከንፈሩ ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው፤ ቱርክኛ ግሡን የሚያሳርፍበት ቦታ ከአማርኛችን ጋር ቢቀራረብም የአፍ ቅርጹ አይገጥምም። እዚያ ላይ ቁልፍ የሚጫን ሰው የሌለ በሽታ እያከመ ነው። በሩ ሲዘጋ ድምፁ እኩል ከተሰማ ሥራው ልክ ነው።

እኛ አገር፣ በተለይ በዚህ በቆላው፣ ድምፅና ምስል የሚዛነፉበት አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ ሙቀት። አፕል አይፎንን የሚመክረው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ አየር ውስጥ እንዲሠራ ነው፤ የሰመራ ቀትር ይህን በቀላሉ ያልፈዋል። ስልክ ሲግል ራሱን ለማቀዝቀዝ የአንጎሉን ፍጥነት ይቀንሳል። ብዙ ማጫወቻዎች ድምፁን እንደ ሰዓት ይዘው ምስሉን ከእሱ ጋር ለማስኬድ ስለሚሞክሩ፣ ስልኩ ሲደክም ድምፁ ይቀጥላል፤ ምስሉ ግን እየተንጠባጠበ ወደኋላ ይቀራል። ይህን የማዛወሪያ ቁልፍ አይፈታውም፤ ልዩነቱ በየሰከንዱ ይለዋወጣልና። ስልኩን ከፀሐይ አውጡ፣ ቻርጅ ላይ ካለ ንቀሉት፣ ሽፋኑን አውልቁለት። በ1080 ጥራት የሚደክም ስልክ 720ን ሳይቸገር ሊያሳይ ይችላል። ኤምኤክስ ፕሌየር ላይ ከላይ ጥግ ያለውን ኤችደብልዩ ወይም ኤስደብልዩ የሚል ምልክት መቀያየርም አንዳንዴ ይፈታዋል። በስልክ የተቀረጸ የሠርግ ወይም የምረቃ ቪዲዮ ሲቀናበር ድምፁ ቀስ በቀስ የሚሸሸው ደግሞ ስልኩ በሰከንድ የሚያነሣውን የምስል ብዛት እንደ ብርሃኑ ስለሚቀያይር ነው። ከማቀናበር በፊት ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኮንስታንት ፍሬም ሬት አድርጎ መቀየር ይበቃል።

ሎግያ ላይ የነበረው ቴሌቪዥን ሰብታይትል የሚያዘገይ ነገር አልነበረውም። ከፍላሽ የሚያሳዩ ብዙ ቴሌቪዥኖች እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ ፍላሹን ነቅዬ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ፤ የሰብታይትል መጨረሻውን ሳየው የፊልሙ የመጨረሻ ንግግር ከመሰማቱ አምስት ደቂቃ ገደማ ቀድሞ ያልቃል። ከ25 ወደ 23.976። ሥራው ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም።

ማስቀመጡ ላይ ግን መጠንቀቅ ነበረብኝ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ የአማርኛ ሰብታይትል የሚሞተው። ፋይሉ ሲቀመጥ ዩቲኤፍ-8 የሚለው መመረጥ አለበት። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ አሮጌውን አንሲ የሚባለውን አቀማመጥ ከመረጣችሁ ግን እያንዳንዱ ፊደል የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ከማስተካከላችሁ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ቅጂ ያዙ። ጽሑፉ በጥያቄ ምልክት ፈንታ በባዶ ሳጥኖች ከወጣ ግን ፋይሉ ደህና ነው፤ ፊደል የጎደለው ቴሌቪዥኑ ነው። አፋርኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአፋርኛ ሰብታይትል በየትኛውም ቴሌቪዥን ይነበባል። የአማርኛው ግን ፊደሉን የማያውቅ ቴሌቪዥን ላይ ይጠፋል። ያኔ ያለው አማራጭ ላፕቶፑን በኤችዲኤምአይ ገመድ ማገናኘት ወይም ጽሑፉን በሃንድብሬክ ከምስሉ ጋር ማተም ነው። የታተመ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ወደ የትም ስለማይንቀሳቀስ መጀመሪያ አስገጥሙ፣ ከዚያ አትሙ።

እንዲህ የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። አንድ ቤት ውስጥ አፋርኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛና ዓረብኛ የሚናገር ሰው አብሮ በሚቀመጥበት በዚህ መንገድ ዳር ለብዙዎች ፊልሙ ማለት ጽሑፉ ነው። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ ሌላ ድምፅ የለውም። አማርኛ ላይ ደግሞ የዐረፍተ ነገሩ ቋጠሮ ያለው መጨረሻው ግሥ ላይ ነው፤ ይመለሳል ወይም አይመለስም የሚለው የሚለየው እዚያ ነው። ያ ቃል ከተናጋሪው አፍ ቀድሞ ሲወጣ የሚጠፋው ሰከንድ ብቻ አይደለም፤ እናትየዋ የምትጠብቅበት ጊዜ ነው።

ፍላሹን መልሼ ሰካሁት፤ ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ጓደኛው መንገዱን ተሻገረ። ከሥር ምንም የለም። ደጁ ደረሰ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ አቀረቀረ፤ አፉን ሲከፍት ጽሑፉ አብሮት ወጣ። ጋሼ ከንፈራቸውን በሐዘን መጠጥ አደረጉና ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩ።

ሲያልቅ ከቁልፋቸው ጋር የተንጠለጠለ ፍላሽ ፈትተው ሰጡኝ። «መኪናው ላይ ረዳቴ ያየዋል። ትንሿንም ፋይል ነው የምትገለብጥልኝ?»

«ሁለቱንም ጋሼ። አንድ ማኅደር ውስጥ ይሁኑ፤ ስማቸውም አንድ ዓይነት ነው፣ እንዳይቀይረው ይንገሩት። አንዱ ከተቀየረ ቴሌቪዥኑ አያገናኛቸውም።»